«የኛስ የድሮ ቤት የት ነው?»

ፈረስ ላይ ወጥቼ ለሽርሽር እሄዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በቅሎ ላይ የወጣሁት በወጣትነቴ፣ ለሥራ ነው፤ የወረድኩትም ጤና ጣቢያችን መኪና ያገኘ ዕለት ነው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ኖርዌይ የምትኖረው ልጄ «እማዬ፣ አራት ቀን በፈረስ ተራራውን እያቋረጥን፣ መንገድ ላይ በጥንት የገበሬ ቤቶች እያደርን እንሂድ፤ ትችያለሽ?» ስትለኝ ሳቄ ነው የመጣው። ገንዘብ ከፍሎ ዳገት ለዳገት መንከራተት! በእኛ ጊዜ ሰው ገንዘብ ቢኖረው የሚከፍለው ከዳገት ለመገላገል ነበር።

ግን እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ የሚገባው ውጭ አገር ያለ ልጁን ሊጠይቅ ሄዶ የሰነበተ ወላጅ ነው። ጠዋት ልጄ ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እኔ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ በማላውቀው ቋንቋ የሚያወራ ቴሌቪዥን አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ «ሲስተር፣ ሲስተር» ስባል የኖርኩ ሴት፣ ኦስሎ ውስጥ የሻይ ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ እንኳ ጠይቄ ነው የምነሳው። የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ግማሹ የእነሱ ቋንቋ ነው። እንዋደዳለን፤ የምናወራው ግን «በላሽ?» «በላሁ» ነው።

እሷ ፈረስ ትወዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግልቢያ ትማራለች። አንድ ማታ ፈረስ ላይ ሆና የተነሳችውን ፎቶ ስታሳየኝ፣ «ሆዱ ላይ ያለው ጠፍር ላልቷል፤ ኮርቻው ይዞርብሻል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ ፈረስ ታውቂያለሽ እንዴ?» አለችኝ። ልጄ ከወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። ጉዞውን ያሰበችው ያን ማታ ነው።

እውነቱን ለመናገር የማውቀው በቅሎ ነው። የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ በ1973 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። የአገራችን የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረ ገና ዓመቱ ነበር። ኩፍኝን፣ ፖሊዮን፣ ትክትክን፣ ዘጊ አናዳን፣ መንጋጋ ቆልፍንና የሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል በረዶ የተሞላውን የክትባት ሳጥን በትከሻዬ አንግቼ፣ ዳለቻ በምትባል በቅሎ ከጎጥ ጎጥ እዞር ነበር። ባለ በቅሎው ብዙ የማይናገሩ አዛውንት ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ቁልቁለት ላይ ፈርቼ ልጓሙን አንቄ ስይዝ፣ «ልቀቂላት ሲስተር» አሉኝ። «እሷ እግሯን ታያለች፤ አንቺ የምታዪው ገደሉን ነው።» በትምህርት ቤት ከተማርኩት ብዙውን ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም።

መንዝ የተወለድኩበትም አገር ነው። ያባቴ ቤት ከጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። ስለዚያ ቤት ኋላ እመለስበታለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ከኦስሎ በባቡር ወደ ሰሜን ወጣን። መጀመሪያ የወረድነው ሊለሃመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት ከተማ ናት። እዚያ ማይሃውገን የሚባል፣ የጥንት ቤቶች ተሰብስበው የቆሙበት ሰፊ ግቢ አለ። የሰበሰባቸው አንደርስ ሳንድቪግ የሚባል የጥርስ ሐኪም ነው። በ1885 ወደ ከተማዋ ሲመጣ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ነበር፤ ብዙ እንደማይቆይ ያምን ነበር። ለሕክምና በየገጠሩ ሲዞር የድሮ ቤቶች እየፈረሱ፣ ዕቃቸውም እየተሸጠ ሲያልቅ አየ። ስለዚህ ቤቶቹን እየገዛ፣ ግንዱን በግንድ እየፈታ አምጥቶ መልሶ ማቆም ጀመረ። ግቢው በ1904 ለሕዝብ ተከፈተ። ሰውየው ራሱ እስከ 1950 ድረስ ኖረ። ሳንባ ነቀርሳ ስታክም ለኖረች ነርስ ይህ ታሪክ ደስ የሚል ነው። ነገር ግን በዚያ ግቢ ስዞር ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ልነሳ አንድ ወር ሲቀረኝ ታናሽ ወንድሜ ከመንዝ ደውሎ ነበር። «ላባባ ቤት ገዢ ተገኝቷል። የሚፈልገው ድንጋዩንና ቆርቆሮውን ነው» አለኝ። እኔም «እንግዲህ ማን ይኖርበታል፤ ይሸጥ» ብዬ መልሼለት ነበር የመጣሁት።

ጉድብራንስዳለን የሚሉት ሸለቆ ከዚያው ከሊለሃመር ተነስቶ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ወንዙ ከታች፣ እርሻው ከጎን፣ ተራራው ከላይ ነው። በምሥራቅ በኩል ሮንዳነ አለ፤ በ1962 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው እሱ ነው። ትልቁ ጫፍ 2,178 ሜትር ነው ብለው በአድናቆት ሲነግሩኝ ዝም አልኩ። እኔ ሽሮ ሜዳ ልብሴን የማሰጣው ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ነው። ኋላ ግን ገባኝ። እነሱ ዘንድ ከ1,000 ሜትር ብዙም ሳይርቁ ዛፉ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ድንጋይ፣ ሽበትና የዱር አጋዘን ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተንም ገብስ እናርሳለን። ተራራን ተራራ የሚያደርገው ቁጥሩ ሳይሆን ብርዱ ነው።

መንገደኞቹ ስድስት ነበርን። መሪያችን ወጣት ሴት ናት። ልጄ አዲስ አበባ ያደገች ስለሆነች ከፈረስ ይልቅ ሚኒባስ ነው የምታውቀው፤ ስለዚህ ሻንጣችንን በመኪና ይዛ ማደሪያችን ላይ እንድትጠብቀን ተስማማን። እኔን የሰጡኝ የፊዮርድ ፈረስ የሚሉትን ነው። አጭር፣ ደንዳና፣ አንገተ ወፍራም ነው። ጋማው መሐሉ ጥቁር ዳርና ዳሩ ነጭ ስለሆነ አሳጥረው ሲከረክሙት ቀጥ ብሎ ይቆምና ጥቁሩ መስመር በነጩ መሐል ጎልቶ ይታያል። ስሙ ብላከን ነው። የልጅ ልጄ ትርጉሙን ልትነግረኝ ተቸገረች። «በቀለሙ ነው የተጠራው እማማ፤ እንደ አመድ፣ እንደ አሸዋ…» ስትል፣ «ዳለቻ» አልኳት። «የኔም በቅሎ ስሟ ዳለቻ ነበር።» ዓይኗ በራ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ፈረሴን ዳለቻ እያለች ትጠራው ጀመር።

መውጫ የእንጨት ደረጃ ነበር፤ ጉልበቴ ምስጋናውን ያቅርብ። የራስ ቁር አጠለቁልኝ። ኮርቻው ከእኛው ኮርቻ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ የፊቱም የኋላውም ድጋፍ ዝቅ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ሜዳ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። እግሬ ግን እርካቡን ራሱ ፈልጎ አገኘው። ሰውነት የማይረሳው ነገር አለ። ፈረሱ ሶምሶማ ሲል ወገቤ ዜማውን ያዘ፤ አርባ ዓመት ያልፈለግሁት ነገር በአሥር ደቂቃ ተመለሰልኝ። የልጅ ልጄ ዞር ብላ አየችኝና ለመሪዋ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ነገረቻት። «ምን አልሻት?» ብላት፣ «አያቴ ነርስ ናት፤ በበቅሎ ነበር የምትሠራው አልኳት» አለችኝ። ኦስሎ ከገባሁ ጀምሮ ስለ እኔ ለሰው ስትናገር የሰማሁት የመጀመሪያው ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን አምስት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ስወርድ ግን እግሮቼ የእኔ አልነበሩም። እዚህ ላይ እንደ ባለሙያ ትንሽ ልናገር። ዕድሜያችሁ ከስድሳ በላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ጉዞ ካማራችሁ፣ ከወር በፊት ጀምራችሁ በየቀኑ ተራመዱ፤ ደረጃ ውጡ፣ ውረዱ። አጥንቱ የሳሳ፣ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ፈረስ ላይ አይውጣ፤ ከፈረስ መውደቅ ለእኛ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። የግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን ከሻንጣው ጋር በመኪና አትላኩ፤ ኪሳችሁ ይሁን። ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጉ፤ እርካቡንም በእግር መዳፍ ፊት ብቻ ርገጡት፤ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ከገባ ሰው ሲወድቅ ፈረሱ ይጎትተዋል። የውስጥ ሱሪ ስፌት ይልጣል፤ ስፌቱ የማይቆረቁር ምረጡ። ክብደታችሁን ስትጠየቁ አትዋሹ፤ የሚጎዳው እንስሳው ነው። የራስ ቁሩን ደግሞ ልጅም አያትም ያድርግ፤ «እኔ አልወድቅም» የሚል ሰው ሲወድቅ ብዙ አይቻለሁ።

ያደርንበት ቤት የግንድ ነው። አንድ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ገበሬ ግቢ ማለት ብዙ ቤት ነው። መኖሪያው፣ የከብቱ ቤት፣ የሣር ማከማቻው፣ አንጥረኛው የሚሠራበት ሁሉ በአንድ ግቢ ዙሪያ ተኮልኩለዋል። ጣሪያው ላይ ሣር በቅሏል። ከሣሩ ሥር አፈር፣ ከአፈሩ ሥር የበርች ዛፍ ልጥ ተነጥፏል፤ ውሃ የማያስገባው ልጡ ነው። እኔን ያስገረመኝ ስታቡር የሚሉት ጎተራ ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ ቆሟል፤ ደረጃውም ከበሩ ጋር አይገናኝም። በመሐሉ ክፍተት ትተዋል። ለምን ብዬ ስጠይቅ አይጥ እንዳትወጣ ነው አሉኝ። የእናቴ ጎተራ ትዝ አለኝ። በሁለት የዓለም ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች አንዲት አይጥ ስትፈትናቸው ኖራለች።

በሁለተኛው ቀን ሴተር ወደሚሉት ወጣን። ሴተር የበጋ ግጦሽ ቦታ ነው። በጥንት ጊዜ በጋ ሲሆን ልጃገረዶችና ሴቶች ላሙንና ፍየሉን ይዘው ወደ ተራራው ይወጡ ነበር። እዚያ ከርመው ቅቤና አይብ ሠርተው ይወርዳሉ። ቡናማው የኖርዌይ አይብ በዛሬው መልኩ የተገኘው እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ነው። አኔ ሆቭ የምትባል ሴት በ1863 አጓቱን ስታፈላ ክሬም ጨመረችበት፤ ቅባቱ በዛ፣ ጣዕሙም ጣፈጠ፣ ገበያም አገኘ። አጓት የሚደፋ ነገር አለመሆኑን ለእኛ ሴቶች ማንም አይነግረንም፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

በሴተሩ ያቀረቡልን ራት ግን አስደነገጠኝ። ከጎምዛዛ ክሬም የተሠራ ገንፎ ነው፤ ሮመግሮት ይሉታል። ቅቤው ራሱ ወጥቶ ከላይ ተንሳፏል። «ይህማ የአራስ ምግብ ነው!» አልኩ። ልጄ ተረጎመችላቸው። ያስተናገዱን ሴት ሳቁና፣ በድሮ ጊዜ እነሱም ዘንድ ሴት ስትወልድ የጎረቤት ሴቶች ገንፎ እየሠሩ ይዘውላት ይመጡ እንደነበር ነገሩን። አዋልጄ ስጨርስ ስንት ቤት ገንፎ በልቻለሁ! ቁጭ ብዬ ስለዚያ ሁሉ አወራሁ፤ ልጄ እየተረጎመች፣ የልጅ ልጄ አፏን ከፍታ እየሰማች። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖም ብርሃኑ አልጠፋም ነበር፤ እኛም አልተኛንም።

በሦስተኛው ቀን ያለ ዕቃ በተራራው ሜዳ ላይ ስንጋልብ ዋልን። ሽበቱ ድንጋዩን አልብሶታል፤ ነፋሱ ጓሳን አስታወሰኝ። መሪያችን አገራቸው ውስጥ ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ የማለፍ መብት እንዳለው፣ ይህም በ1957 በሕግ መጻፉን ነገረችን። መሬቱ የሌላ ሰው ቢሆንም እህሉን ካልረገጥክ፣ ቆሻሻ ካልጣልክ፣ ትሄዳለህ። ማታ ወደዚያው ሴተር ተመለስን። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ።

በአራተኛው ቀን መውረድ ነበር። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ በዝናቡ ሙልጭልጭ ብሏል። መሪያችን ከፊት ርቃለች። የልጅ ልጄ የምትጋልባት ባዝራ የኋላ ሰኮናዋ አንድ ጊዜ ተንሸራተተ። ልጅቷ ደነገጠችና ልጓሙን በሁለት እጇ አንቃ ያዘች። ባዝራዋ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች። አንገቷን ቀና ካደረገች ደግሞ እግሯን አታይም፤ እንደገና ተንሸራተተች። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አልፌ ልደርስላት አልችልም።

«ልቀቂላት የኔ እናት» አልኳት። «እሷ እግሯን ታያለች፤ አንቺ የምታዪው ገደሉን ነው። ወደ ኋላ ጋደም በይ፤ ተረከዝሽን ወደ ታች።» ሁሉም በአማርኛ ነው። «ምን ማለት ነው?» ብላ አልጠየቀችኝም። እጇን ላላ አደረገች። ባዝራዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መሬቱን አሸተተች፣ አንድ እግሯን አስቀመጠች፣ ከዚያ ሌላውን።

ሜዳው ላይ ስንደርስ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ስለ አዛውንቱ ባለ በቅሎ፣ ስለ ዳለቻ፣ በጉም ውስጥ ስለጠፋንበት ሌሊት፣ በኩፍኝ ሦስት ልጆች ስለሞቱበትና ዘግይተን ስለደረስንበት ቤት ነገርኳት። ይህን የመጨረሻውን ለገዛ ልጄም ነግሬያት አላውቅም። እስከ ሸለቆው ድረስ ጎን ለጎን እየሄድን አወራን። ከ«በላሽ?» «በላሁ» ወጣን።

የመጨረሻውን ሌሊት ያደርነው ከሁሉም በቆየው ግቢ ነው። ባለቤቷ አርባዎቹን ያገባደደች ሴት ናት። አባቷ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለች ትንሽ ቤት ይኖራሉ። ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ግቢውን ያስጎበኙን እሳቸው ናቸው። ከሥር ያሉትን ግንዶች በበትራቸው እየነኩ፣ ይህንን እኔ ቀየርኩት፣ ያንን አባቴ ቀየረው፣ ጣሪያውን ልጄ አደሰችው ይላሉ። እኔ ጥንታዊ ቤት ማለት ያልተነካ ቤት ይመስለኝ ነበር። ለካ የቆየ ቤት ማለት እያንዳንዱ ትውልድ የበሰበሰውን የቀየረበት ቤት ነው።

ራት ላይ ጠየቅኋቸው፤ እንዴት አልተከፋፈለም? እንዴት አልተሸጠም? ሽማግሌው ኦደል ስለሚባለው ሕጋቸው ነገሩኝ። እኛ ርስት ከምንለው ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በእኛ ርስት ወንድም ሴትም ሁሉም ልጅ ይካፈላል፤ የልጅ ልጅም ይጠይቃል። በእነሱ ኦደል አንድ ልጅ ሙሉውን ይረከባል፤ ለወንድም እህቶቹ ድርሻቸውን በገንዘብ ይከፍላል፤ ተረካቢውም እዚያው ኖሮ መሬቱን የማረስ ግዴታ አለበት። ቀድሞ ሴት ታላቅ ብትሆንም ወንዱ ይቀድማት ነበር። በ1974 የወጣው ሕግ ነው ከ1965 ወዲህ ለተወለዱት ወንድ ሴት ሳይል ለበኩሩ የሰጠው። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እሳቸው ግቢውን ያገኙት ታላቃቸው እህት ሴት ስለሆኑ ነው። እህታቸው ከተማ ገብተው ቀሩ።

ስለዚህ ይህ ሥርዓት ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ከ1825 ጀምሮ በመቶ ዓመት ውስጥ 800,000 ያህል ኖርዌጂያን ወደ አሜሪካ ተሰደዋል፤ ብዙዎቹ መሬት የማይደርሳቸው የገጠር ልጆች ነበሩ። ቤቱ ሲቆም ልጆቹ ተበትነዋል። የእኛ ርስት ደግሞ ሁሉንም ልጅ እኩል አየ፤ እኩል ስንካፈል ግን ቁራሹ እያነሰ፣ ክሱ እየበዛ ሄደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ከሆነ ወዲህ መሬቱ አይሸጥም፤ የቀረን ቤቱ ነው። በእሱም እንጣላለን።

ከሁሉ በላይ ልቤ የቀረው ግን ኮር በሚሉት ነገር ነው። ልጅ ግቢውን ሲረከብ ወላጆች ወደ ትንሿ ቤት ይዛወራሉ፤ ምን እንደሚደረግላቸውም በውል ይጻፋል። በድሮዎቹ ውሎች ይህን ያህል እህል፣ የላም ወተት፣ የተፈለጠ እንጨት፣ ሲሞቱም በክብር መቀበር ተብሎ በዝርዝር ይሰፍር ነበር። «ልጅና አባት እንዴት ይዋዋላል?» አልኳቸው፤ ነውር መስሎኝ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «የጻፍነው ስለማንተማመን አይደለም፤ እንዳንቀያየም ነው» አሉ።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ስትተረጉምልኝ ቆይታ ድንገት ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «እማማ፣ የኛስ የድሮ ቤት የት ነው?» አለችኝ።

ልጄ ወደ እኔ አየች። እሷም አታውቀውም፤ አንድ ጊዜ በሦስት ዓመቷ ነው የወሰድኳት። ምን ልበል? ሊሸጥ ነው ልበል? ድንጋዩን ሰው ሊወስደው ነው ልበል? «መንዝ ነው» አልኩ። «ክብ ነው፤ ከድንጋይ የተሠራ። አያቴ ናቸው የሠሩት። ድሮ ክዳኑ ሣር ነበር፤ አሁን ቆርቆሮ ነው።» «ማን አለ እዚያ?» «ወንድሜ።» «እንሄዳለን?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም። የተጠየቀችው እኔ ነኝ፣ ያፈርኩትም እኔ ነኝ።

በማግስቱ ለወንድሜ ደወልኩ። «ሽያጩን አቆየው» ስለው ዝም አለ። ከዚያ ለብዙ ዓመት በሆዱ የያዘውን አወጣው። «እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ ይሸጥም፣ አይሸጥም ትላላችሁ። ጣሪያውን የምጠግን እኔ ነኝ። ግን የኔ ነው ማለት አልችልም። ነገ እኔ ስሞት ልጆቼና ልጆቻችሁ በዚህ ቤት ይካሰሳሉ። እነሱ ከሚጣሉ ዛሬ ሸጬ ገንዘቡን ባካፍላችሁ ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ። አርባ ዓመት የሰው ሕመም ስጠይቅ የኖርኩ ሴት፣ የገዛ ወንድሜን «ለምን ትሸጠዋለህ?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ አራታችንም ወንድምና እህት ተገናኘን። ያቀረብኩት ሐሳብ አንድ ነው፤ ቤቱ የሚኖርበት፣ የሚጠግነው የታናሻችን ይሁን። እኛ ድርሻችንን በጽሑፍ እንልቀቅ፤ እሱ ደግሞ እንዳይሸጠው፣ አንዷን ክፍልም ለሚመጣ የቤተሰብ ልጅ ሁሉ ክፍት እንዲያደርግ በጽሑፍ ይግባ። የጣሪያውን ወጪ ልጄ ግማሹን ችላለች። ሁለታችን በሽማግሌዎች ፊት ፈርመናል። ታላቋ እህታችን ገና አልፈረመችም። «ያባቴን ቤት በፊርማ አልለቅም» ትላለች፤ አልፈርድባትም። በየሳምንቱ ቡናዋን እየጠጣሁ እለምናታለሁ።

እናንተም ወላጆች፣ አያቶች፣ ልጆቻችሁ ተበትነው ከሆነ፣ ቤት የሚያፈርሰው ዝናብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ በሕይወት ሳለን «ይህ የእገሌ ነው፣ ይህ ደግሞ የእገሊት» ብለን አለመናገራችንም ያፈርሰዋል። ስለ ሞት ማውራት ስለሚከብደን ዝም እንላለን፤ ዝምታችንን ልጆቻችን በፍርድ ቤት ያወራርዱታል። ኖርዌይ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ጠይቁ፤ በተለይ ቤቱ ውስጥ የቀረውን፣ ድምፁ የማይሰማውን።

የልጅ ልጄ አሁን በስልክ ስታገኘኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ጣሪያው ነው። ቀጥላ ደግሞ መንዝ ውስጥ ፈረስ ይገኝ እንደሆነ ትጠይቃለች። ሞልቷል እላታለሁ። መንገዱ ሲረጋጋ፣ ጥር ላይ፣ ገብሱ ከታጨደ በኋላ ትመጣለች ብለን አቅደናል። እናቷ እንደ ልማዷ ሻንጣውን በመኪና ትከተለናለች። እኔ ግን በፈረስ አልሄድም፤ ለዚያ ቁልቁለት በቅሎ ነው የሚሻለው።